ሞተሩ ሳይገዛ ባለሙያው ይታሰብ

የመስኖ ወራት ሲቃረብ በየወረዳው ሞተር ፓምፕ በሽርክና የሚገዙ ወጣቶች ይበዛሉ። አምስት ወይም ስድስት ሆነው ይቧደናሉ፤ ከአነስተኛ የብድር ተቋም ይበደራሉ፤ ወላጆቻቸው በሚለቁላቸው መሬት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመትከል ይነሣሉ። ሥራው በፎገራ ሜዳ በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር፣ እንዲሁም በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ለብዙ ዓመታት የታየ በመሆኑ ስለ ጠቀሜታው ብዙ ማውራት አያስፈልግም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ሞተሩ ቢቆም ማን ያየዋል፣ በስንት ብርስ ያየዋል የሚለው ጥያቄ ከግዢው በፊት የማይነሣ መሆኑ ነው።

ይህ ጸሐፊ ለዘገባ በሄደበት አንድ ቀበሌ ያየውን ቢናገር ጉዳዩን ያስረዳል። አምስት ወጣቶች በብድር የገዙትን ባለ ሦስት ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ተክለውታል። ቦታውን የመረጡት ጥላ ስላለውና ሌሊት ለመጠበቅ ስለሚመች ነው። ኅዳር ላይ ወንዙ ሙሉ ስለነበረ ፓምፑ ያለ ችግር ሠራ። ጥር ሲገባ ውሃው እየወረደ ሄደና አንድ ቀን ጧት ሞተሩ እየጮኸ ውሃ ግን አልመጣ አለ።

ከከተማ መካኒክ ተጠራ። የሞተር ብስክሌት ኪራይ፣ አበል፣ ምሳና የእጅ ዋጋ ተከፈለው። ፓምፑን ፈታ፣ ካንዴላውንና አንድ ጎማ ለወጠ፣ ሄደ። ውሃ አልመጣም። ሁለተኛው መካኒክ ደግሞ ሞተሩ አልቆለታልና ሌላ ግዙ ብሎ ለዚሁ ምክሩ ተከፈለው። ሽንኩርቱ ኮረት የሚቋጥርበት ጊዜ ነበርና አንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳያገኝ ቀረ።

በመጨረሻ ከወጣቶቹ የአንዱ አማች፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው፣ ለለቅሶ ወደዚያው መጥቶ ነገሩን ሰማ። መፍቻ አልያዘም። ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ከፓምፑ እስከ ውሃው ያለውን ከፍታ ለካ። ከ7 ሜትር ያልፋል። «ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ወደ ውሃው አውርዱት» አላቸው። ከአፋፉ ላይ እርከን ቆፍረው ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ተከሉት። የመምጠጫውን ቱቦ ውሃ ሞልተው ሲያስነሡት መሬቱ ረጠበ። የተከፈለው ቡና ብቻ ነው። ከማሳው ሩብ የሚሆነው ግን ደርቆ ቀርቷል፤ የብድሩ ቀን ደግሞ ለደረቀ ሽንኩርት አይራዘምም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ፓምፕ ውሃውን በጉልበቱ ጎትቶ የሚያመጣ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በወንዙ ፊት ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። በደጋና በወይና ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱም ያንሳል። በመመሪያው ላይ እስከ 8 ሜትር ይመጥጣል ተብሎ ቢጻፍ ይህ በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ፎገራን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ ከዚያ ላይ 2 ሜትር ያህል ይቀነሳል። ቱቦው ረዝሞ ወይም አየር አስገብቶ ከሆነ የበለጠ ያንሳል። ስለዚህ ከ5 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ወደ ላይ መግፋት ግን ሌላ ነው፤ ያው ፓምፕ ውሃውን ከ20 ሜትር በላይ ሊገፋ ይችላል። እንግዲህ ፓምፑ ከማሳው ቢርቅ ግድ የለም፤ ከውሃው መራቅ ግን የለበትም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም። የሚነግር ሰው ግን ያሻል።

ከእውነቱ ላለመሸሽ፣ ወጣቶቹ ያን ጊዜ እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን እኔም መካኒክ ጥሩ ከማለት በቀር የምላቸው አልነበረኝም። ዲፕሎማዬን ያገኘሁት ከግብርና ኮሌጅ ነው፤ ስለ ሽንኩርት ችግኝ ርቀት ተምሬአለሁ፣ ካርቡራተር ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። በየቀበሌው የተመደቡት የልማት ሠራተኞችም በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ናቸው። ሞተር አያውቁም ብሎ እነርሱን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ታዲያ ርካሹ እርዳታ ከወዴት ይገኛል? ከሁሉ በፊት የሚታሰበው በአቅራቢያ ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የኮሌጆቹ አሠልጣኞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን በሚባለው አገልግሎት ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የክህሎትና የቴክኖሎጂ ድጋፍ መስጠት ከሥራቸው አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ከሽርክናው አንዱ ወጣት በገበያ ቀን ኮሌጁ ድረስ ሄዶ አሠልጣኙን ሳያገኝ ይመለሳል። ቢያገኘውም ለአንድ ፓምፕ ብሎ 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰውና የሚመደብ መኪና አይገኝም። ውድ የሚሆነው ሙያው ሳይሆን መንገዱ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት እዚህ ላይ ነው። በቀበሌያቸውና በጎረቤት ቀበሌዎች ያለውን ፓምፕ፣ ወፍጮና የመድኃኒት መርጫ ቆጥረው በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ማኅተም ቢጠይቁ ኮሌጁም ለመላክ ምክንያት ያገኛል። ሁሉም ሞተሩን በአህያም በሸክምም ወደ ገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ያመጣል። ለምሳሌ የባለሙያው የመጓጓዣና የቀን ወጪ 3000 ብር ቢሆን፣ አንድ ሽርክና ብቻውን ሲጠራው 3000 ብር ነው፤ ሃያ ሆነው ሲጠሩት ለእያንዳንዱ 150 ብር ይደርሰዋል። ቀኑም ጥቅምት እንጂ ጥር መሆን የለበትም። በጥር የሚጠራ ባለሙያ የሚመጣው ለደረቀ ማሳ ነው።

ኮሌጆቹ በበኩላቸው ለትብብር ሥልጠና ተማሪዎቻቸውን የሚልኩበት የሥራ ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለት ሠልጣኞች ለአንድ ወር አንድ ቀበሌ ውስጥ ቢያርፉ ማደሪያና እንጀራ የሚቸግር አይመስለኝም። አስተማሪው በሌለበት ግን ሞተር እንዳያስፈቷቸው አደራ፤ መፍታቱን ሁሉም ይችላል።

ከሽርክናው አባሎች አንዱም ቢሆን የራሱን ሞተር ማወቅ አለበት። ለአብዛኞቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። የሚፈልገውም አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ይሁንና ሞተሩ የሁሉም ስለሆነ ዘይቱ የማንም አይሆንም። በአንድ ሽርክና ውስጥ አንዲት ወጣት ሰዓቱን በደብተር ስትመዘግብ አይቼ ደስ ብሎኛል። ለሥልጠና የሚላክ ሰው ሲመረጥ ንግግር አዋቂው ሳይሆን እንደዚች ያለው ታጋሽ ቢሆን ይበጃል።

ነጋዴውም ሊዘነጋ አይገባም። ዋጋው ረከሰ ተብሎ የተገዛ ሞተር መለዋወጫው በቅርብ ከተማ ከሌለ ውድ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ እንዲያሳይ፣ መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝም በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ከክፍያው በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ አዛውንት ሊቀ መንበር ሳካፍላቸው «ልጄ፣ እኛ ማኅተም እንጂ መፍቻ የለንም» አሉኝ። እኔ ደግሞ የሚፈለገው ማኅተሙ ነው ባይ ነኝ። ወጣቶቹ ለብድሩ የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፉ ወደ ቀበሌው ሲመጡ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ሞተሩን የሚያይላችሁ ማነው? ለጥገናስ ስንት ታስቀምጣላችሁ? ከየ100 ብር ሽያጭ 5 ብር ቢቀመጥ እንኳ አንድ ነገር ነው። ይህ ለወጣቶቹ ተጨማሪ መሰናክል እንዲሆን አልፈልግም፤ ቅጹ እንደ በዛባቸው አውቃለሁ። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት የኅብረት ሽርክና ማኅበር አባሎች ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትም በተናጠልም ኃላፊዎች ናቸው። አንድ ሞተር ሲቆም አምስት ቤት ያንኳኳል።

ሊቀ መንበሩ ጥቂት አሰቡና በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራቸው የነበረውን የእህል ወፍጮ አነሡ። በአንድ ዕቃ መጥፋት ቆሞ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ድረስ ይሄዱ እንደነበር አጫወቱኝ። ከዚያም ለኮሌጁ የሚጻፈውን ደብዳቤ ጸሐፊያቸው እንዲያዘጋጅ አዘዙ። የጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ይሁን ተባለ። ፓምፕ ብቻ ነው ወይስ የተበላሸ የመድኃኒት መርጫም ይምጣ ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉም ይምጣ አልኳቸው።