ዘግይቶ የታረመው ኮርቬር

ኦቶሞቢልም እንደ ሰው መልካም ስም ያተርፋል፤ ስሙም ይጠፋበታል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ኮርቬር የተባለው የአሜሪካ ኦቶሞቢል በዐሥር ዓመት ዕድሜው ሁለቱንም አይቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ኦቶሞቢሎች ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘሙና እየከበዱ ሄዱ። በዚህ መካከል ትንሹና ቤንዚን ቆጣቢው የጀርመን ፎልክስቫገን ገበያቸውን ይሻማ ጀመር። በጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የሸቭሮሌ ክፍል ኃላፊ የነበሩት መሐንዲስ፣ ሚስተር ኤድዋርድ ኮል፣ መልስ ይሆናል ብለው ያሠሩት ኮርቬርን ነው። በ1959 ለገበያ ሲቀርብ ያየው ሁሉ ተደነቀ። ባለ ስድስት ሲሊንደር የአሉሚኒየም ሞተሩ የተቀመጠው ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር አልነበረውም።

ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የኋላ ጎማዎቹን የያዙት ሁለት ዘንጎች የሚተጣጠፉት በውስጥ በኩል ብቻ ስለ ነበር፣ ኦቶሞቢሉ በፍጥነት ሲጠመዘዝ የውጭው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና የኋላው ክፍል ወደ ላይ ይነሣል። ያን ጊዜ መሪው ከነጂው ቁጥጥር ሊወጣ ይችላል። ኩባንያው ለዚህ ያበጀው ዘዴ የፊት ጎማዎች በ15፣ የኋላዎቹ በ26 ፓውንድ ግፊት እንዲነፉ ማዘዝ ነበር። እንግዲህ የተሳፋሪው ደኅንነት ጎማ በሚነፋው ሠራተኛ እጅ ወደቀ ማለት ነው፤ እርሱ እንደ ልማዱ አራቱንም እኩል የነፋ እንደ ሆነ ጥንቃቄው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ኦቶሞቢሉ እንዳይጋደል የሚረዳ ብረት ከፊት ቢጨመር እንደሚበጅ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር፤ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ግን ቀረ። በመጨረሻ በ1964 ሞዴል ብረቱና አንድ አግድም ባሌስትራ ተጨመሩ። በ1965 ሞዴል ደግሞ የኋላው አሠራር ከነጭራሹ ተለወጠ፤ መልኩም አማረ።

ኮርቬር ከታረመ በኋላ፣ በኅዳር 1965፣ ራልፍ ኔደር የተባለ የ31 ዓመት ጠበቃ «በማንኛውም ፍጥነት አደገኛ» የሚል መጽሐፍ አወጣ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚናገረው ከ1960 እስከ 1963 ስለ ተሠሩት ኮርቬሮች ነው። ኩባንያው የወጣቱን የግል ኑሮ የሚሰልሉ ሰዎች ቀጥሮ ኖሮ ነገሩ ተገለጠ፤ በመጋቢት 1966 ፕሬዚዳንቱ ሚስተር ጄምስ ሮች በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት መስከረም የኦቶሞቢል ደኅንነት ሕግ ታወጀ። ከ1968 ጀምሮም በአዲስ ኦቶሞቢል ሁሉ የወንበር ቀበቶ እንዲኖር ግዴታ ሆነ።

ገዢው ግን ስሙን እንጂ ሞዴሉን አልለየም። በዚያ ላይ የፎርድ ሙስታንግ ገበያውን ወስዶበታል። በ1965 ከ230 ሺህ በላይ የተሠራው ኮርቬር በ1969 ወደ 6,000 ወረደ፤ በዚያው ዓመትም ሥራው ቆመ። በ1972 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባወጣው የምርመራ ውጤት ከዘመኑ ጓደኞቹ የከፋ አልነበረም ተባለ። ኔደር ውጤቱን አልተቀበለም፤ ለኮርቬርም ቢሆን ፍርዱ ሦስት ዓመት ዘግይቶበታል።

አንባቢ ሆይ፤ ብልሃቱ የታወቀ ነበር፤ ዋጋውም ቀላል ነበር። ጉድለቱን የሚያውቅ መሐንዲስም ሆነ ጸሐፊ፣ ሌላ ሰው በአደባባይ ሳያነሣበት ራሱ ቢያርመው ስሙን ያድናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።