ሂሳዊ ድጋፍ፦ ከጨዋታ እስከ ታሪክ

በካናዳዋ ኤድመንተን የተመሠረተው ባዮዌር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ማስ ኢፌክት 2» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቹን ከጅምሩ አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል። ሩቅ ፕላኔቶች ላይ የሰፈሩ ሰዎች በጅምላ እየታፈኑ ይወሰዳሉ፤ መንግሥታት ዳተኛ ሆነዋል። ለመዋጋት ቆርጦ የተነሣው የሰው ዘርን የበላይነት የሚሰብክ፣ በሰዎች ላይ ጭካኔ የተሞላበት ሙከራ ያካሄደ «ሰርቤረስ» የተባለ ድርጅት ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኮማንደር ሼፐርድን ከሞት አስነሥቶ መርከብ የሰጠውም እርሱ ነው።

በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ቡና እየጠጣ ስለ አብዮቱ የሚከራከር ትውልድ ይህን ታሪክ ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በአማርኛ የፖለቲካ ቋንቋ ስሙ «ሂሳዊ ድጋፍ» ነው።

መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሲሰጥ ምክንያት አልነበረውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጓል፤ የተማሪው ንቅናቄ የዓመታት ጥያቄ በአዋጅ ተመልሷል። የመኢሶን ስሌት ከውስጥ ሆኖ ሕዝቡን ማደራጀትና ማስታጠቅ፣ በሂደትም ወታደሩን መተካት ነበር። የድርጅቱ መሪ ኃይሌ ፊዳ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት መሩ። ከተሞች በቀይ ሽብር ሲታመሱ ድርጅቱ ከገዳዩ ጎን ቆሞ ተገኘ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ኅቡዕ ገባ፤ ኃይሌ ፊዳም ተይዘው ታሰሩ፣ በኋላም በደርግ እጅ ተገደሉ።

ከአክራሪ ኃይል ጋር የሚደረግ ኅብረት ሁሉ የተወገዘ ነው ማለት ግን አይቻልም። ቸርችል ከስታሊን ጋር ባያብር ኖሮ ናዚዎችን ማሸነፍ እጅግ በከበደ ነበር። ልዩነቱ በወዳጁ ክፋት መጠን አይለካም። ብሪታንያ የራሷ ጦርና መንግሥት ነበራት፤ መኢሶን ግን የራሱ የሚለው በቂ ኃይል ሳይኖረው እውቀቱንና ካድሬውን ለሌላው ጠመንጃ አዋሰ። የብሪታንያም ኅብረት ቢሆን ዕዳ ነበረበት፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን በሶቪየት ጥላ ሥር የወደቀችው ፖላንድ ናት።

ስለዚህ ማንኛውም ኅብረት ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ደጋፊው በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላልን? ድል ሲገኝ በወዳጁ እጅ የሚቀረው መሣሪያ ምንድን ነው? ሒሳቡን የሚከፍለውስ ማን ነው? «ማስ ኢፌክት 2» ሁለተኛውን ጥያቄ በሚገባ ያነሣል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ተጫዋቹ የጠላትን ምሽግ ለሰርቤረስ ማስረከብ ወይም ማውደም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ተከታይ ክፍል ደግሞ ምርጫው የትኛውም ይሁን ሰርቤረስ ጠላት ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ጨዋታ ሊያስተምር አይችልም። ተጫዋች ከተሳሳተ ያስቀመጠውን ምዕራፍ መልሶ ይጀምራል። ከቶሮንቶ ሆኖ በአገር ቤት ለታጠቀ ወገን ገንዘቡንና ድምፁን የሚሰጥ ባለሙያም ከዚህ ተጫዋች ብዙም አይርቅም፤ ኅብረቱ ሲፈርስ ከሥራው ወደ ቤቱ በሰላም ይገባል፤ ቤቱ የሚቃጠልበት ገበሬ ግን መልሶ የሚጀምረው ምዕራፍ የለውም። «ሂሳዊ» የሚለው ቅጽል ትርጉም የሚኖረው ሂሱ ለወዳጁ ፊት ለፊት ሲነገርና ሰሚ ሲያጣም ድጋፉ ሲቋረጥ ብቻ ነው። መቋረጥ የማይችል ድጋፍ ሂሳዊ አይደለም፤ ተገዥነት ነው።