ከመድረክ ከወረደ በኋላስ?

የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የምትወዱ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሆላንዳዊ ዘፋኝ ላውራችሁ። ደንከን ሎረንስ ይባላል። ስሙ አዲስ ቢሆንባችሁም «አርኬድ» የሚለውን ዘፈኑን ቲክቶክ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ፒያኖ ያለበት፣ ረጋ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ዘፈን ነው።

የዚህን ልጅ ታሪክ ብዙ ሰው ሲያወራ «ተሸነፈ፣ ተስፋ አልቆረጠም፣ አሸነፈ» ብሎ ይጨርሰዋል። እኔ ግን ይሄ አተራረክ ዋናውን ነገር ይዘለዋል ባይ ነኝ። ተስፋ አለመቁረጥ ብቻውን ሥራ አይደለም። ተስፋ ሳይቆርጡ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ማለትም ይቻላል እኮ! መጠየቅ ያለበት፣ በሽንፈቱና በድሉ መሀል ባሉት ዓመታት ምን ሲሠራ ነበር? ማንስ አስታወሰው? የሚለው ነው።

እስቲ ከመነሻው እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ደንከን በ1994 ሮተርዳም አጠገብ ባለች ስፓይከኒሰ በምትባል ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት እያለ ልጆች ይሳለቁበትና ያስቸግሩት እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ መጠጊያው ሙዚቃ ነበር። በ2014 «ዘ ቮይስ ኦፍ ሆላንድ» ላይ ቀረበ። ዳኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ድምፁን ብቻ እየሰሙ ወንበር የሚያዞሩበት፣ አሁን በብዙ አገር የሚታየው ውድድር መነሻው እዚያው ሆላንድ ነው፤ የጀመረውም በ2010 ነው። ልጁ ኢልሰ ዴላንገ የምትባል ታዋቂ ዘፋኝ በምትመራው ቡድን ውስጥ ገባ። ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ላይ ተሰናበተ።

የዚያን ዓመት ያሸነፉት «ኦጂን» የሚባሉ ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። እነሱ በ2017 ሆላንድን ወክለው ዩሮቪዥን ላይ ቀረቡና 11ኛ ወጡ። ጎበዞች ናቸው፣ ይሄን የማነሳው እነሱን ለማሳነስ አይደለም። የአንድ ምሽት ደረጃ የሰው ዕድሜ ልክ ትንቢት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ከእነሱ በታች የቀረው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መድረክ ላይ አንደኛ ወጣ።

አሁን ወደ መሀሉ ዓመታት እንምጣ። ደንከን ቲልቡርግ ከተማ ያለው «ሮክ አካዳሚ» ተማሪ ነበር። ካሜራው ሲጠፋ የሚመለስበት ክፍል፣ የሚጨርሰው ትምህርት ነበረው። በ2017 ተመረቀ። ለሌሎች ዘፋኞችም ይጽፍ ነበር። በ2018 በወጣው የደቡብ ኮሪያዎቹ የ«ቲቪኤክስኪው» አልበም ውስጥ «ክሎዘር» የሚለውን ዘፈን ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ጭብጨባው ለሌላ ሰው በሚሆንበት ዘፈን ላይ ነው እጁን ያፍታታው።

«አርኬድ»ንም ከባልደረቦቹ ጋር ነው የጻፈው። መነሻው በወጣትነቱ የሞተ የሚወደው ሰው ታሪክ እንደሆነ ተናግሯል። ታዲያ ዘፈኑን ለዩሮቪዥን እንዲታጭ ያቀረበችው ማን ብትሉ፣ ያቺው ኢልሰ ናት! ከ5 ዓመት በፊት ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተሰናበተውን ልጅ አልረሳችውም። እሷ ራሷ በ2014 ከሌላ ዘፋኝ ጋር ሆና ዩሮቪዥን ላይ ሁለተኛ የወጣች ስለሆነች፣ ያ መድረክ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚፈልግ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ግንቦት 18 ቀን 2019 ቴል አቪቭ። 41 አገሮች የተሳተፉበት ውድድር ፍጻሜ። ዩሮቪዥን ላይ ግማሹ ነጥብ ከየአገሩ የባለሙያ ዳኞች፣ ግማሹ ከሕዝብ ይመጣል። በዳኞች አንደኛ የሰሜን መቄዶንያዋ ዘፋኝ ነበረች፤ ደንከን ሦስተኛ ነበር። በሕዝብ ድምፅ አንደኛ ኖርዌይ ነበረች፤ ደንከን ሁለተኛ ነበር። ሲደመር ግን 237 ከዳኞች፣ 261 ከሕዝብ፣ በጠቅላላው 498 ነጥብ ይዞ አሸነፈ። በአንዱም ዝርዝር አንደኛ ሳይሆን አንደኛ ወጣ! ሆላንድ ከ1975 ወዲህ አሸንፋ አታውቅም ነበር። ከ2005 እስከ 2012 ደግሞ 8 ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰችም።

«ዕድል ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ዕድል አለበት። ዘፈኑ በቲክቶክ እንደ አዲስ ተነስቶ በ2021 በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 30ኛ ደረጃ የደረሰው ከውድድሩ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ያንን እሱ አላቀደውም። ዛሬ ስፖቲፋይ ላይ ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል። ክፉ ዕድልም አግኝቶታል። አገሩ የምታዘጋጀው የ2020ው ዩሮቪዥን በኮሮና ተሰረዘ፤ በ2021 ሮተርዳም ላይ ሲካሄድ ደግሞ እሱ ራሱ በኮሮና ተይዞ በፍጻሜው ምሽት መድረክ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አልበሞች ቢያወጣም የ«አርኬድ»ን ያህል የተሰማ ዘፈን እስካሁን የለውም። ዕድል ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ግን ተሠርቶ ያለቀ ነገር አግኝቷል፤ ነጥቡ እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት እኛም አገር ይሄ ዓይነት ውድድር ስላለ ነው። ኢትዮጵያን አይዶልን አይተናል፣ ባላገሩ አይዶልን፣ ፋና ላምሮትን አይተናል። አንድ ልጅ ሲሰናበት ዳኞቹ «አይዞህ፣ ትልቅ ደረጃ ትደርሳለህ» ይሉታል፣ እኛም እናጨበጭባለን። በሳምንቱ ስለ ሌላ ተወዳዳሪ እናወራለን። እኔ አዘጋጅ ብሆን ከሽልማቱ ገንዘብ ላይ ትንሽ ቀንሼ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ለሚወድቁት የሙዚቃ ትምህርት እከፍልበት ነበር። አንድ ዓመት ዜማና ግጥም መሥራት የሚማሩበት። መኪናው ለአንዱ ይድረሰው፣ ትምህርቱ ግን ለአምስቱም ይበቃል። የሰውን ዘፈን አሳምሮ መዝፈን መድረክ ላይ ያወጣል፤ መድረክ ላይ የሚያቆየው ግን የራስ ሥራ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ፣ ይሄ ለእናንተም ነው። «አይዞህ» ብዬ ብቻ መሸኘት አልወድም። ያልተሳካለት ተማሪ «ከነገ ጀምሮ ምን ልማር? ማን ዘንድ ልሂድ?» ብሎ ይጠይቀኝ፣ እሱን ቁጭ ብለን እናወራለን። ምኞቱ ሳይሆን የነገ ጠዋቱ ፕሮግራም ነው የሚያሳስበኝ።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ የኢልሰ ነገር ትልቅ ትምህርት ነው። አንደኛ የወጣውን ተማሪ ማንም ያስታውሰዋል፣ ስሙ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። አራተኛውን፣ አምስተኛውን ከአምስት ዓመት በኋላ አስታውሶ «ና፣ ይሄ ለአንተ ይሆናል» ብሎ በር መክፈት ነው የመምህር ወጉ።

እስቲ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከእነዚህ ውድድሮች ሳያሸንፍ የተሰናበተ፣ እናንተ ግን ድምፁን ያልረሳችሁት ልጅ ካለ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አሁን የሚሠራው ሥራ ካለም ሊንኩን አስቀምጡ፣ አብረን እንስማው።

መልካም ምሽት!