ምስጢሩ ከማን ነው?

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 29 ዓመት የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ቀይ ማኅተም ነበረኝ። ስንት ወረቀት ላይ እንደመታሁት ቆጥሬው አላውቅም። ግን ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ጠላት እጅ ቢገባ ጠላት እያዛጋ የሚጥለው ነበር። የተበላሸ ግዢ፣ የጠፋ ነዳጅ፣ አለቃና አለቃ በጨዋ ቃል የተሰዳደቡበት ደብዳቤ። ከውጭ ሰላይ የሚደበቅ ነገር ያየሁበት ቀን ጥቂት ነው። ገመናን ግን በየቀኑ አትሜበታለሁ።

ስለዚህ «ለአገር ደኅንነት ሲባል አይነገርም» ሲሉኝ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ከማን ነው የሚደበቀው?

በጦርነት ጊዜ ሁሉም ነገር በአደባባይ ይሰጣ እያልኩ አይደለም። ብርጌዱ ዛሬ ማታ በየት እንደሚያልፍ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ሞኝ ነው፤ የሚነግረው መኮንን ደግሞ ይታሰር። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ምስጢር ዕድሜው አጭር ነው፤ ብርጌዱ ካለፈ አለቀ። የእኛ አገር ምስጢር ግን እንደ ጠጅ ነው መሰለኝ፣ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል።

በመጋቢት 1980 አፋቤት መውደቋን የሰማሁት ከጀርመን ድምፅ ነው፤ ራዲዮኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼ። ሻዕቢያ ከተማዋን ይዞ ተቀምጧል፤ ከእሱ ምን ይደበቃል? የተደበቀው ከእኔ ነበር፣ ለጦርነቱ ከደመወዜ ከሚቆረጥብኝ ሰው።

ደርግ ነው፣ አለፈ እንበል። ሚያዝያ 5 ቀን 1994ስ? የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን በሰጠ ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስዩም መስፍን ባድመ ለእኛ እንደተወሰነች አበሰሩ። ሰፈራችን እልል አለ። እኔም እልል ካሉት ነኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ምስጢር እንኳ አልነበረም። የውሳኔው ሰነድ ለሚያነብ ሁሉ ክፍት ነበር። ጋዜጠኛ መሆን ያን ዕለት ማለት ነጥቦቹን ከሰነዱ አንስቶ ካርታ ላይ ማስቀመጥ፣ በማስመሪያ ማገናኘት፣ ከዚያም ባድመ ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንደወደቀች ማየት ነበር። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መግለጫውን እንዳለ አንብቦ ወደ ስፖርት ዜና መሻገር ይቀል ነበርና ያው ሆነ። በመስከረም 1996 መንግሥት ራሱ ያን «ያሸነፍንበትን» ውሳኔ ለጸጥታው ምክር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ሲያወግዝ ነው ብዙዎቻችን የነቃነው። በግንቦት 2010 ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን ተባለ። ለዚያች መንደር ስንት ሰው ሞተ ብትሉ፣ ኤርትራ 19,000 ወታደሮቼን አጥቻለሁ አለች። በእኛ በኩል ያለውን ዛሬም በግምት ነው የምንከራከርበት፤ አንዱ ሠላሳ ሺህ ይላል፣ ሌላው መቶ ሺህ ያሻግረዋል። በሰው ልጅ ቁጥር ላይ እንዲህ ዓይነት ልዩነት! በእህል መጋዘን ቢሆን እኮ ንብረት ክፍሉ ይታሰርበት ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 2013 መጣ። ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቆረጠ፤ ጦርነቱ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ተባለ፤ ጋዜጠኞቻችንም ቃሉን የራሳቸው አደረጉት። የኤርትራ ጦር ገብቷል ሲባል የለም ተባለ፣ ለወራት። መጋቢት 14 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆመው መግባቱን አመኑ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ነበር የማያውቀው? አስመራ ታውቃለች። የትግራይ ገበሬ በሩን ሲሰብሩት አይቷል። ሳተላይት ያላቸው አገሮች ከላይ ያያሉ። የማያውቀው ከዜናው ፊት የተቀመጠው ግብር ከፋይ ብቻ ነበር። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም የአፍሪካ ኅብረቱ አደራዳሪ ኦባሳንጆ እስከ 600,000 ሰው ሳይሞት አልቀረም ሲሉ የሰማነው ከእንግሊዝ ጋዜጣ ነው። ቁጥሩ ልክ ይሁን አይሁን የሚፈርድ የራሳችን ቆጠራ የለንም።

እውነቱን ለመጻፍ ብለው የታሰሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ነገሬ ከሌሎቹ ጋር ነው። አንደኛው ወገን መግለጫ ያነባል፤ ከረባቱ የተስተካከለ ነው። ሌላው ወገን ዩቲዩብ ላይ ተቀምጦ «ሰበር ዜና» እያለ ከውስጥ አዋቂ የሰማውን ይተርካል፤ ማታ ከተማ ያስይዛል፣ ጠዋት ያስለቅቃል። ሁለቱ ጠላት ይመስላሉ እንጂ አንዱ ባይኖር ሌላው ይራባል። የመጀመሪያው ዝም ያለበትን ሁለተኛው በወሬ ይሞላዋል፤ ወሬው ሲበዛ ደግሞ ያኛው «ይኸው፣ ለዚህ ነው ምስጢር የሚያስፈልገው» ይላል። ሁለቱም ጋ የሌለው አንድ ሰው ነው፤ እስክሪብቶ ይዞ ቤት ለቤት ሄዶ «ከዚህ ቤት ማን ዘምቶ አልተመለሰም?» ብሎ የሚጠይቅ። (ባለቤቴ «አርፈህ ጡረታህን ብላ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ።)

እኛ ቤት ቢመጣ ኖሮ ከጎን ያሉትን እትዬን አሳየው ነበር። ልጃቸው ሰሜን የነበረ ወታደር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በጥቅምት 2013 መጀመሪያ ላይ ነው። መርዶ ነጋሪ አልመጣ፣ ደብዳቤ አልመጣ። ድንኳን አልተከሉ፣ ተዝካር አላወጡ። ለመስቀል ልብስ ገዝተው ያስቀምጡለታል፤ ዘንድሮ ቁጥሩን ከፍ አድርገው ነው የገዙት፣ «ወፍሮ ይሆናል» ብለው። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌላቸው ወስደዋል። በሦስተኛው ላይ አንድ ኃላፊ፣ በትሕትና ነው አሉ፣ «እማማ፣ ይሄ ምስጢራዊ መረጃ ነው» ብሎ ሸኛቸው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 አለው። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። አራተኛውን ማመልከቻ ባለፈው ማክሰኞ ጻፍኩላቸው፤ አንቀጹንም የአዋጁንም ቁጥር ከላይ አሰመርኩበት። አስገብተው ሲመለሱ ኮፒው ላይ የገባበትን ቀን አስፈርሜያለሁ ብለው አሳዩኝ። ግድግዳዬ ላይ ባለው ካላንደር እየሰረዝኩ ነው። ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው።