በቀጠሮ የሚሄድ ሽማግሌና በሕመም የሚሄድ ሽማግሌ

በአንድ መንደር የሚኖሩ ሁለት ሽማግሎች አሉ እንበል። አንደኛው ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ በደሙ አለበት፤ መድኀኒቱንም ይወስዳል። ሁለተኛው ቫይረሱ የለበትም። ከሁለቱ የደም ግፊቱ አስቀድሞ የሚታወቅለት ማንኛው ነው ብንባል፥ ብዙዎቻችን ጤነኛውን የምንጠራ ይመስለኛል።

ይህ ነገር በደቡብ አፍሪካ፥ በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር፥ አጊንኮርት በሚባል ገጠር ተመርምሯል። አገሩ ከሞዛምቢክ ወሰን የማይርቅ ነው፤ ጐልማሶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ስለሚሄዱ፥ አሮጊቶች በጡረታ ገንዘብ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉበት ቤት ብዙ ነው። ሊቃውንቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 እና በ2015 ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን 5,059 ሰዎች ጠየቁ፤ የደም ግፊታቸውን ለኩ፤ ደማቸውንም መረመሩ። ከመቶው 23 በሚያህሉት ቫይረሱ ተገኘ፤ ከግማሽ የሚበልጡትም የደም ግፊት ነበረባቸው። ይህ በሽታ የወጣቶች ነው እያልን የምንናገረው እንደ ምን ያለ ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የደም ግፊት ካለባቸውም መካከል፥ የቫይረሱን መድኀኒት የሚወስዱት ከሌሎቹ ይልቅ ሕመማቸውን ዐውቀው ሕክምናውንም ይዘው ተገኙ። ምክንያቱ ጥልቅ አይደለም። መድኀኒት የሚወስድ ሰው ስሙ በመዝገብ ተጽፏል፤ ቀጠሮም አለው። በቀጠሮው ቀን ሲቀርብ ነርሲቱ ክንዱን አስራ ትለካዋለች፤ ክብደቱንም ታያለች። በፍርድ ቤት ሥራ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መዝገብ የተከፈተለት ባለጉዳይ በቀኑ ይቀርባል፥ መዝገብ የሌለው ግን በደሉን ይዞ በቤቱ ይቀመጣል። የደም ግፊትም ሳያሳምም የሚኖር ሕመም ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው ሽማግሌ ደኅና ነኝ እንዳለ ይቈያል፤ አንድ ማለዳ ግን ግማሽ ገላው አልታዘዝ ይለውና በሰው ትከሻ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

ይህን ስንል ቫይረሱ ያለበት ሰው ዕድለኛ ነው ማለታችን አይደለም። የልብና የደም ሥር ሕመም ከሌላው ይበልጥ ያሰጋዋል። በአንዳንድ ስፍራም የቫይረሱ ክፍል ቫይረሱን ብቻ ያያል፤ የስኳር በሽታ ያለበት እንደ ሆነ ወደ ሌላ ክፍል፥ ወደ ሌላም ሰልፍ ይላካል። እዚያው በደቡብ አፍሪካ ከ2011 ጀምሮ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሁሉ በአንድ ክፍል ለማየት ተሞክሮ፥ የመለኪያ መሣሪያ መበላሸትና የሠራተኛ ማነስ አሳቡን አጓድለውታል።

በአገራችን መድኀኒቱ ያለ ዋጋ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በ45 ዓመቱ የጀመረና እስከ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ከ65 ዓመት አልፏል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሕመሙ የረጋለት ሰው የስድስት ወር መድኀኒት ተቀብሎ እንዲሄድ ተፈቅዷል። ለአረጋዊ እግር ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ክንዱ የሚለካበት ቀን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በቀጠሮው መካከል በቅርቡ ጤና ጣቢያ መለካት ይገባዋል፤ ቀጠሮ የሌለውም ሽማግሌ አብሮት ቢሄድ ምንኛ ደግ ነበር!

ስለ መድኀኒት መገናኘትም አንድ ነገር አለ። ዶሉቴግራቪር የተባለው የቫይረሱ መድኀኒት ከሜትፎርሚን፥ ይኸውም ከስኳር በሽታው ክኒን ጋር ሲወሰድ፥ የሜትፎርሚኑን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ካላወቀ መጠኑን ሊያስተካክል አይችልም። ብዙ አባቶች ግን ቫይረሱን ከልጆቻቸው ሰውረው ይኖራሉ፤ ልጅ ይዟቸው ወደ ስኳር ሐኪም በገባ ጊዜ ዝም ይላሉ። እንግዲህ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ወደ ሐኪም ያደረሳችሁ እንደ ሆነ፥ በበሩ ላይ ቈዩና ብቻቸውን ገብተው ይነጋገሩ።