ደብተሩን መልሱላቸው

ይድረስ ለቅዳሜ አማርኛ ትምህርታችን አስተባባሪዎች፦

በበረዶ ቀን ሳይቀር በር ከፍታችሁ ያለ ደመወዝ እንደምታስተምሩ አልክድም፤ እግዜር ይስጥልን። «ዘንድሮ ደብተርና እርሳስ አያስፈልግም፤ ልጆቹ ታብሌት ይዘው ይምጡ» የሚለው መልእክታችሁ ግን አንጀቴን አሳርሮታል። ትምህርቱ ሲጀመር ወንበር ያመላለስነው አብረን ነውና እንደ ባዳ አትዩኝ።

ልጄ ለአያቷ «ሰላም» ብላ በእጇ እንድትጽፍ ወረቀት ሰጠኋት። «ላ»ን ከታች ጀምራ ወደ ላይ ሳለችው፤ ሁለቱን እግሮች እኩል አደረገችና «ለ» ሆኖ ቀረ። ስልክ ላይ ግን አትሳሳትም። በእንግሊዝኛ ፊደል ትነካካለች፣ ስልኩ ይመርጥላታል። ይህን ነው ፊደል ቆጠረች የምንለው?

ሁላችንም ያደግነው በተስፋ ገብረ ሥላሴ የፊደል ገበታ ነው። 33ቱ በሰባት ቤት 231 ሆነው ሲደረደሩ ልጅን ያስፈራሉ፤ ዝምድናቸውን የሚያስይዘው እጅ ነው። ለ፣ ሰ፣ በ ካዕብ ላይ ከወገባቸው ጭረት ይወጣል፤ ሣልስ ላይ ጭረቱ ወደ ቀኝ እግር ይወርዳል፤ ራብዕ ላይ ግራ እግር ያጥራል፤ ኃምስ ላይ ቀኝ እግር ቀለበት ያስራል። ይህን ደጋግሞ የጻፈ ልጅ ያላየውን ፊደል እንኳ ገምቶ ያነባል። ቁልፍ ለሚነካ ልጅ ግን ሀም ጰም አንድ ናቸው።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ሲገባ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ኪቦርድ ጠላቴ አይደለም። «የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ከርሲቭን (ፊደል ቀጣጥሎ መጻፍን) ትተዋል» ማለታችሁ ግን ለእኛ አይሠራም። የምንኖርባት ኮሎራዶ በ2010 የተቀበለችው የትምህርት መመዘኛ ከርሲቭን ባይጠይቅም፣ ልጆቹ ነጣጥለው በእጅ መጻፉን ይማራሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከርሲቭን በሕግ መልሳዋለች። እኛ የእጅ ጽሕፈቱን ከተውን የሚተካው ሌላ የለንም።

ነገሩ የእናንተ ብቻም አይደለም። በየከተማው ባሉ የአማርኛ ትምህርቶች ለበዓል የሚሆን መዝሙርና የሐበሻ ቀሚስ ይቀድማል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ፊደሉ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እኛም ወላጆቹ አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል እየተላላክን ልጆቹ ምን ይዩ?

ከትምህርቱ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ለእጅ ጽሕፈት ስጡ። ደብተርና እርሳሱን እኛ ወላጆች እናቀርባለን፤ በተራ እየመጣንም እጃቸውን ይዘን እናስጽፋለን። ለመጪው የወላጆች ስብሰባ ይህን በአጀንዳ አስይዙልኝ።

አንድ ወላጅ፣ ከሎውሪ፣ ኮሎራዶ