የአሰንዳቦን ወንዝ በራስ እጅ ስለ ማስላት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በመኪና የተጓዘ ሰው ሁሉ አሰንዳቦን ያውቃታል። ነገር ግን ይህች አነስተኛ ከተማ ከመንገደኛው ይልቅ በውኃ መሐንዲሶች ዘንድ ይበልጥ የታወቀች መሆኗን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የግልገል ግቤ ወንዝ ወደ ግድቡ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚለካው በአሰንዳቦ አጠገብ ነውና፣ ወንዙን ባጠኑ ጽሑፎች ሁሉ ስሟ ደጋግሞ ይነሣል። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ያው ውኃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 420 ሜጋዋት አቅም ያለውን ሁለተኛውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ጎርፍ ከማሳው ጠርጎ የሚያወርደው አፈር የገበሬው ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ በሩቅ ከተማ አምፖል የሚያበራውም ሰው ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ይህን ውኃና ደለል አስቀድሞ ለመገመት ተማሪዎቻችን አብዝተው የሚይዙት መሣሪያ ስዋት የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ስዋት በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎችና በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ፎርትራን በሚባለው ቋንቋ የተጻፈው የምንጭ ጽሑፉ ለማንም የተገለጠ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምንቀበለው ተጠናቅሮ ያለቀውን ነው። ዝናቡንና የአፈሩን ዓይነት አስገብተን ቁጥሩን እንወስዳለን፤ ቁጥሩ ከአሰንዳቦ መዝገብ ጋር አልስማማ ያለ እንደ ሆነም እስኪስማማ ድረስ መለኪያዎቹን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን። በበኩሌ ይህ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አይበቃም እላለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ከዝናቡ ስንቱ ጎርፍ እንደሚሆን ስዋት የሚያሰላበት የተለመደው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ማሳዎች ልኬት የተገኘ ነው። የዓባይን ተፋሰስ ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን በደጋችን ጎርፉ በአብዛኛው የሚነሣው ውኃ ጠጥቶ ከጠገበው ከተዳፋቱ ግርጌ መሆኑን አይተው፣ ያንን ዘዴ ከምንጭ ጽሑፉ አውጥተው በሌላ የውኃ ሚዛን ስሌት ተክተው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤታቸውን አሳትመዋል። ሌላም አለ። ስዋት የዛፎችን የዓመት ዕረፍት የሚወስነው በቀን ርዝመት ነው፤ ይህም ክረምቱ በረዶ ለሆነበት አገር ደግ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቅጠሉን የሚያረግፈውም የሚያለመልመውም ዝናብ ነው። ስለዚህ ታደሰ ዓለማየሁና የሥራ ባልደረቦቹ በብራስልስ ሆነው የምንጭ ጽሑፉን ለወጡ፤ ዕድገቱ በአፈር እርጥበት ምልክት እንዲጀምር አድርገውም በምሥራቅ አፍሪቃ በማራ ወንዝ ተፋሰስ ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2017 አወጡት። እነዚህ ሰዎች ያለቀለትን ፕሮግራም ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ ከዚህ አንዱንም ባልሠሩ ነበር።

እንግዲህ ምን ያስፈልጋል? የሚያስፈልገው አንድ የቆየ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ጥሬ ቡና ሳይቆላና ሳይወቀጥ ጀበና እንደማይገባ ሁሉ፣ የምንጭ ጽሑፉም በኮምፓይለር አማካይነት ካልተጠናቀረ ኮምፒዩተሩ አይረዳውም። ኮምፓይለሩ ጂፎርትራን ይባላል፤ ዋጋ የለውም። በሊኑክስ ላይ ቢልድ ኢሴንሺያል የሚባለው ጥቅል ለሲ ቋንቋ የሚሆነውን ኮምፓይለርና ሜክ የተባለውን አዛዥ ይዞ ይመጣል፤ ፎርትራኑ ግን ከውስጡ ስለሌለ ለብቻው መጨመር አለበት። ዊንዶውስ ያለው ሰው ኤምሲስ ሁለት የሚባለውን ይጭናል። ከዚያ በኋላ በስዕልና በአዝራር ፈንታ ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ትእዛዙን በእጅ መጻፍ ነው።

ሜክን በተለይ ላመሰግነው እወዳለሁ። ስዋት በብዙ ትናንሽ ፋይሎች የተከፋፈለ ነው። ሜክ የእያንዳንዱን ፋይል ሰዓት አይቶ፣ የተለወጠውን ብቻ እንደገና ያስጠናቅርና ሁሉንም ወደ አንድ ፕሮግራም ያያይዛል። መብራት በመካከሉ ቢጠፋ እንኳ ተጠናቅሮ ያለቀው በቦታው ይቆያል፤ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል። ይህ በእኛ አገር ትንሽ ጥቅም አይደለም! ጀማሪውን የሚያንገላቱት ነገሮችም አብዛኛውን ጊዜ ተራ ናቸው። በፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ሜክ ይደናገራል። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ስለሚለይ፣ በዊንዶውስ የተገኘው ፋይል በሊኑክስ የለም ሊባል ይችላል። ስሕተቱ አንድ ገጽ ሙሉ ቢወርድም መነበብ ያለበት መጀመሪያ የታየው ነው፤ የቀረው ብዙውን ጊዜ የእርሱ ልጅ ነው።

«እኛ የውኃ እንጂ የኮምፒዩተር ሰዎች አይደለንም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። መልሴ፣ የመሬት ቀያሹም መነጽር አንጣሪ አይደለም፤ ሆኖም መሣሪያው መዛባቱን ሳይመረምር ሥራ አይጀምርም የሚል ነው። ደግሞስ በአርክ ጂአይኤስ ላይ የሚሠራውን የስዋት ገጽታ ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ በወረዳ መሥሪያ ቤት ያለ ወጣት ባለሙያ ይህን ከየት ያመጣዋል? ምንጩና ኮምፓይለሩ ግን በነጻ የተሰጡ ናቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ቢሆንም አሠራሩን ጭምር የሰጠንን ሰው ሙያ አለመቀበል ሌላ ነገር ነው።

የመገናኛ መስመሩ ደካማ በሆነበት ከተማ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ማውረድ ያስለቅሳል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት ክፍሎች አንዱ ኮምፓይለሩን፣ ሜክን፣ የስዋትን ምንጭና የመፈተኛ ምሳሌውን በአንድ ፍላሽ ዲስክ አሰናድቶ፣ ወደ አሰንዳቦም ሆነ ወደ ሌላው የወረዳ ከተማ ለሚሄደው ባለሙያ ቢያስይዘው ወጪው እጅግ ጥቂት ነው። ጥቅሎቹ ከሚጫኑበት የሊኑክስ እትም ጋር መስማማታቸው አስቀድሞ ይታይ። ባለሙያው አንዲት ፊደል ከመለወጡ በፊት ግን ራሱ ያጠናቀረውንና ከአሜሪካ ተዘጋጅቶ የመጣውን ፕሮግራም በዚያው ምሳሌ አስሂዶ ያነጻጽር። ከነጥብ በኋላ በመጨረሻዎቹ አሃዞች ትንሽ ቢለያዩ ከኮምፓይለሩ ነው፤ በሰፊው ቢለያዩ ግን ወደ አሰንዳቦ መዝገብ ከመሄዱ በፊት ምክንያቱን ፈልጎ ያግኝ።